ከሙሉ ምርት በፊት የሚደረግ የግዳጅ ሙከራ፦ ስለ አነስተኛ ወታደራዊ ዕቃዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምቦልቻና ደሴ ውስጥ ድንኳን፣ ቦርሳ፣ የዝናብ ልብስና የብረታ ብረት ዕቃ ለጨረታ የሚያቀርቡ ሰዎች ደጋግመው የጠየቁኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ የውጭ አገር ታሪኮች ዓመት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

የግዳጅ ሙከራ ምንድን ነው? ፋብሪካው አስቀድሞ ሞክሮት የለም ወይ?

ፋብሪካው ይሞክራል። የሚሞክረው ግን ዕቃው ውሉ ላይ የሰፈረውን ልክ ማሟላቱን ነው፦ ጨርቁ በስንት ኪሎ ሲጎተት ይቀደዳል፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ብየዳው ስንት ጊዜ ሲመታ ይላቀቃል። ይህንን የምህንድስና ሙከራ እንበለው። መሐንዲሱ አጠገቡ ቆሞ፣ መብራት በርቶ፣ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ የሚደረግ ነው።

የግዳጅ ሙከራ ጥያቄው ሌላ ነው። ዕቃውን ነገ የሚታጠቀው ተራ ወታደር፣ በሚታጠቅበት አገር፣ እንቅልፍ አጥቶና ጣቱ ደንዝዞ፣ ከቀረው ሸክሙ ጋር ተሸክሞት ግዳጁን ይወጣበታል ወይ? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሰውየው፣ መሬቱና አየሩ ስለሆኑ ወደ እነሱ መሄድ ግድ ይላል።

ላቦራቶሪ ያለፈ ዕቃ መስክ ላይ እንዴት ሊወድቅ ይችላል?

የራሴን ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሳለሁ ለጥበቃ ሠራተኞች 400 የዝናብ ካፖርት ሰፍተን ነበር። ጨርቁን በቀለበት ወጥረን ውሃ ሞልተንበት አሳደርነው፤ ከሥሩ ያነጠፍነው ወረቀት ጠዋት ደረቅ ነበር። «አልፏል» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆነ፣ ክፍያው ተፈጸመ፣ ሁላችንም ረሳነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ አስር አለቃ፣ ካፖርቱን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ቢሮዬ መጡ። «አብሽር ልጄ፣ ልጣላህ አልመጣሁም። ይህን ልበስና አንድ ሌሊት ከእኔ ጋር ሐረጎ ላይ እደር» አሉኝ። አደርኩ። ሐረጎ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ ጭጋጉ መንገዱን ውጦት የመኪና መብራት እንኳን እንደ ኩራዝ ነበር የሚታየው። ጨርቁ አሁንም አንድ ጠብታ አላሳለፈም። ውሃው የገባው በትከሻው ስፌት ነው፤ የጠመንጃው ማንገቻ ሲፈትገው ከውስጥ ስፌቱን የሸፈነው ላስቲክ ተልጦ ነበር። ማንገቻውን ለማስተካከል ክንዴን ባነሳሁ ቁጥር ደግሞ በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ክርኔ ይወርዳል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዚፑን ልከፍት ብል መሳቢያው ከጣቴ ያመልጣል፤ የሕፃን ጥፍር የምታክል ናት። ፋብሪካ ውስጥ ስንፈትነው ጠመንጃ የያዘ፣ ክንዱን ያነሳ፣ የበረደው ሰው አልነበረም።

ላቦራቶሪው አልዋሸም። ስለ ጨርቁ ጠየቅነው፣ ስለ ጨርቁ መለሰልን። ስለ ካፖርቱ የጠየቀ አልነበረም።

«አነስተኛ ፕሮግራም» የሚባለው የትኛው ነው?

እንደየአገሩ ይለያያል። የአሜሪካንን ምሳሌ ደጋግሜ የማነሳው ሕጉም፣ ስኬቱም፣ ውርደቱም ለሕዝብ ስለሚታተም ነው። በ2020 በወጣው መመሪያቸው ለምርምርና ልማት ከ525 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ወይም ለግዢ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጅ ፕሮግራም «ዋና» ተብሎ ይመደባል። ከዚያ በታች ያለው ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ነው። እኛ ሰፈር «አነስተኛ» ሲባል ግማሽ ቢሊዮን ዶላር የሚታሰበው ሰው የለም፤ ስለዚህ ቃሉ አያሳስታችሁ።

በተግባር እዚህ ምድብ ውስጥ የሚገቡት ወታደሩ በየቀኑ የሚነካቸው ነገሮች ናቸው፦ የመገናኛ ሬዲዮ፣ የሌሊት ማያ መነጽር፣ ድንኳን፣ ጀነሬተር፣ የመስክ ወጥ ቤት፣ ከስክስ ጫማ፣ መለዮ (የደንብ ልብስ)፣ ተጎታች፣ ትንንሽ ድሮን። ታንክና ተዋጊ አውሮፕላን ዋናው ምድብ ውስጥ ስለሆኑ ጋዜጠኛውም ምክር ቤቱም ያያቸዋል። ጫማን የሚያየው የለም።

ዋጋው ትንሽ ከሆነ ሙከራው ለምን አስፈለገ?

ትንሽ የሆነው የአንዱ ዋጋ ነው። ብዛቱ ትንሽ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ይለብሰዋል፣ ሁሉም ሰው ይሸከመዋል። የአሜሪካ ምድር ጦር በ2004 ለበረሃም፣ ለጫካም፣ ለከተማም ይሆናል የተባለ አንድ ግራጫማ ዥጉርጉር መለዮ መረጠ። በቂ የመስክ ሙከራ ሳይደረግበት ለመላው ሠራዊት ተሰፋ። አፍጋኒስታን ላይ ወታደሩ ከመሬቱ ጋር ከመመሳሰል ይልቅ ተለይቶ ይታይ ጀመር። በ2010 ወደዚያ ለሚዘምቱት ሌላ መለዮ ተመረጠ፤ ግራጫማው ሙሉ በሙሉ ከአገልግሎት የወጣው ደግሞ በ2019 ነው። ጨርቅ ነው፤ የሚያስፈልገው ሙከራም አንድ ወታደር ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ ሌላው ከ100 ሜትር እንዲፈልገው ማድረግ ነበር።

ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ስለሆነች ይህ ታሪክ እዚህ ሲነገር ይገባል። አንድ ጥቅልል ጨርቅ ላይ የተሳሳተ ቀለም ምን ያህል እንደሚያስከፍል የማያውቅ የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ የለም። ጥቅልሉ አንድ ሲሆን ትቆጫለህ፤ ለመላው ሠራዊት ሲሆን ጥያቄው ከገንዘብ ያልፋል።

የእንግሊዞቹ ጠመንጃ፣ ኤል 85 ኤ 1፣ ሌላው ምሳሌዬ ነው። የካርታ (የጥይት መያዣ) ማውለቂያው ቁልፍ ከወታደሩ ደረት ጋር ሲነካካ ይጫንና ካርታው ሳይታሰብ ይወድቃል። ለወታደሩ በራሱ ጦር የታደለው የነፍሳት መከላከያ ቅባት ደግሞ የጠመንጃውን ፕላስቲክ ክፍል ያሟሟ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ቅባት የተቀባ ሰው የለም፤ ትንኝ የለማ።

ሙከራውን ማካሄድ ያለበት ማን ነው?

ያላመረተው፣ ያልገዛው፣ ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም መጥፎ ቢሆንም ሹመትም ጉርሻም የማያገኝ ሰው። ጠላ ሻጭን «ጠላሽ ኮምጥጧል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። በአሜሪካ ይህንን ለማስጠበቅ ኮንግረሱ በ1983 የግዳጅ ሙከራ ዳይሬክተር ቢሮ እንዲቋቋም በሕግ ወሰነ። ዳይሬክተሩ ለመከላከያ ሚኒስትሩም ለኮንግረሱም ሪፖርት ያቀርባል። በ2025 ግን ሚኒስትሩ የቢሮው ሠራተኞች ወደ 30 ሲቪሎችና 15 ወታደሮች እንዲቀነሱ አዝዟል፤ ይህ አነጋጋሪ ሆኗል፣ ለእኔም አይዋጥልኝም።

የዚያ ቢሮ ዓይን በዋነኛነት የሚያርፈው በትልልቆቹ ላይ ነው። ትንንሾቹን የሚፈትኑት የየጦር ክፍሉ የራሱ የሙከራ ድርጅቶች ናቸው፤ የባህር ኃይሉ መነሻው 1945 ነው፣ የአየር ኃይሉ በ1974፣ የማሪን ኮር በ1978 ተቋቋሙ። እዚህ ላይ ክፍተት አለ። የትንሽ ፕሮግራም ኃላፊ በጀቱ ጠባብ ነው፣ ቀነ ገደቡ ቅርብ ነው፣ የሚቆጣጠረው ሰው ጥቂት ነው። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ሙከራው ነው። ምክንያቱም ሙከራን ብትቀንሰው በማግሥቱ የሚጮህ የለም፤ የሚጮኸው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሌላ ኃላፊ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው።

አምራቹ በሙከራው ቦታ መገኘት ይችላል?

መመልከት ይችላል፣ መንካት አይችልም። የአሜሪካ ሕግ መስመሩን ግልጽ አድርጎ አስምሮታል፦ የአምራቹ ሠራተኛ በግዳጅ ሙከራ ላይ የሚሳተፈው በእውነተኛው ውጊያ ጊዜ ሊሳተፍ በታቀደበት ልክ ብቻ ነው። ጀነሬተሩ ግንባር ላይ ሲበላሽ የፋብሪካው መካኒክ እዚያ የማይኖር ከሆነ በሙከራው ዕለትም ካርቡሬተሩን አያጸዳም። እኔ እንዲያውም ወንበሩ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ እመክራለሁ፤ ሰው የሠራው ነገር ሲንገዳገድ እያየ እጁን መሰብሰብ ያቅተዋል።

ሙከራው መቼ ይደረጋል? ስንት ዕቃ ተመርቶ?

ሁለት ስህተት አለ። አንደኛው ገና አንድ ናሙና በእጅ እንደተሠራ መሞከር ነው፤ ሁለተኛው ሁሉም ተመርቶ ካለቀ በኋላ መሞከር ነው። በመካከላቸው «የመጀመሪያ አነስተኛ ምርት» የሚባል ደረጃ አለ፦ የምርት መስመሩ ይጀምራል፣ ለሙከራ የሚበቃ ያህል ብቻ ያወጣል፣ ይቆማል። በአሜሪካ ለዋና ፕሮግራሞች ሙከራው ተጠናቆ ሪፖርቱ ሳይቀርብ ከዚህ ደረጃ ማለፍ ክልክል ነው፤ የመጀመሪያው ምርት ከጠቅላላው 10 በመቶ ካለፈም ምክንያቱ መገለጽ አለበት። ለአነስተኞቹ ስንት ዕቃ ለሙከራ እንደሚገዛ የሚወስነው የጦር ክፍሉ የሙከራ ድርጅት ነው። ልብ በሉ፣ የሚወስነው ሻጩ አይደለም።

ናሙናው ከማን እጅ እንደወጣ ጠይቁ። ለጨረታ የሚቀርበውን ናሙና የሚሰፋው ማን እንደሆነ እኛ እናውቃለን፦ በፋብሪካው እጁ የተመሰገነው አንዱ ሰው ነው፣ ያውም ሦስት ቀን ተሰጥቶት። ሙሉ ምርቱን የሚሰፋው ግን በደቂቃ ኮታ የሚሠራ መስመር ነው። ለሙከራ መሄድ ያለበት ከመስመሩ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በደከመበት ሰዓት የወጣው ቦርሳ ነው።

የሙከራ ቦታ እንዴት ይመረጣል?

እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን። ኮምቦልቻ ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፤ በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ በባቲ በኩል ከወረዳችሁ ደግሞ በአንድ ቀን ጉዞ ሚሌ፣ የአፋር ቆላ ውስጥ ናችሁ። ጠዋት ካፖርት፣ ከሰዓት ላብ። ሙቀትና አቧራ፣ ጭጋግና ውርጭ በአንድ ሙሌት ነዳጅ የሚገኝበት አገር ብዙ አይደለም።

ከፍታው ራሱ ይፈትናል። ደሴ ላይ አየሩ ከባህር ወለል ይልቅ 22 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ኮምቦልቻ ላይ 17 በመቶ ያህል። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ ሦስት በመቶ ገደማ ስለሚያጣ፣ ወደብ ላይ ተፈትኖ 10 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ጀነሬተር ደሴ ላይ ከ7.5 ብዙም አይዘልም። ትንሿ ድሮንም ያው ናት፤ ክንፎቿ የሚገፉት አየር ስለሚሳሳ ባትሪዋ ቶሎ ያልቃል። ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የመስክ ምድጃው «ምስር በ40 ደቂቃ ያበስላል» ተብሎ ከተጻፈ ጽሑፉ ለወደብ ከተማ እንጂ ለእኛ አልተጻፈም። የደሴ ሴቶች ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል።

ሬዲዮም እንዲሁ። ሜዳ ላይ 10 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሬዲዮ ጦሳ ተራራ መሃል ሲገባ ሁለት ኪሎ ሜትርም ላይዘልቅ ይችላል። ሆኖም ጠንካራ ቦታ መምረጥን ግብ አታድርጉት። ዕቃው ቆላ ላይ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ደሴ ላይ መውደቁ አያስነውረውም። ቦታ የሚመረጠው ዕቃው በሚሄድበት እንጂ ፈታኙ በሚያድርበት ሆቴል አይደለም፤ ይህን የምለው አይቼ ነው።

ምን ምን ይለካል?

ሦስት ነገር። ግዳጁን ያስፈጽማል ወይ፣ ይመቻል ወይ፣ ጠላት ባለበት ይተርፋል ወይ። «ይመቻል» የሚለው ውስጥ ብዙ ነገር ተጠቅልሏል፦ ሲበላሽ ወታደሩ ራሱ ይጠግነዋል ወይ፣ መለዋወጫው ይገኛል ወይ፣ ክብደቱ፣ ድምፁ፣ በስንት ቀን ሥልጠና ይለመዳል፣ መመሪያው ወታደሩ በሚያነበው ቋንቋ ተጽፏል ወይ።

በእኔ እምነት አነስተኛ ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት በሁለተኛው ነው። ድንኳኑ ዝናብ ይከላከላል፤ ግን በሌሊት ለመትከል ስድስት ሰውና አንድ ሰዓት ይፈልጋል።

ወታደሮቹ «ጥሩ ነው» ካሉ አይበቃም?

አይበቃም፣ በእኛ አገር ደግሞ ከሌላው ይበልጥ አይበቃም። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ሻምበሉ አጠገቡ ቆሞ፣ እንግዶች ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ምሳ ተጋብዞ «ዕቃው እንዴት ነው?» የተባለ ወታደር ምን እንደሚል እናውቃለን። «ጥሩ ነው ጌታዬ» ይላል። ዋሸ አይባልም፤ ነውር ፈራ እንጂ።

ስለዚህ አትጠይቁት፣ እዩት። «ዚፑ ይመቻል?» ከማለት «ዝጋው እስኪ» በሉና ሰከንድ ቁጠሩ። ሬዲዮውን በጨለማ ባትሪ እንዲቀይር አድርጉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ወታደሩ ዕቃውን ምን እንዳደረገው ተመልከቱ፦ ማንገቻውን በገመድ ተክቶታል? ኪሱን ቆርጦ ጥሎታል? የውሃ ኮዳውን ወደ ሌላ ጎን አዙሮታል? ወታደር ዕቃ ሲጎዳው ስሞታ አይጽፍም፤ መቀስ ያነሳል። የሙከራው እውነተኛ ሪፖርት ያ የተቆረጠ ገመድ ነው።

መጠየቁ የግድ ከሆነ ደግሞ ማዕረግ በሌለበት፣ አንድ በአንድ፣ ቡና ላይ።

ሦስት ጊዜ ሞክሬው ሦስቱንም ሠርቷል፤ ስንት ጊዜ ቢሞከር ይበቃል?

ሦስት በቂ ይመስላል፣ ግን ሒሳቡ ሌላ ይላል። ከአምስት ጊዜ አንዴ የሚከሽፍ የምልክት ሮኬት እንውሰድ፤ መጥፎ ዕቃ ነው። ይህ ዕቃ በተከታታይ ሦስት ሙከራ ያለ እንከን የማለፍ ዕድሉ 51 በመቶ ነው። ሳንቲም እንደመወርወር ማለት ነው። ከሁለት አንዴ የሚከሽፈው እንኳን ከስምንት አንድ ዕድል አለው። «ሦስቴ ሠራ» የሚለው ማስረጃ ሮኬቱ ደህና መሆኑን አይነግራችሁም።

ዕቃው ከ10 ጊዜ ቢያንስ ዘጠኙን እንደሚሠራ 90 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን አንዴም ሳይከሽፍ 22 ጊዜ መሞከር አለበት። እርግጠኝነቱን ወደ 95 በመቶ ለማሳደግ 29 ጊዜ። በመሃል አንዴ ከከሸፈ 22ቱ ይቀርና ለ90 በመቶ እርግጠኝነት 38 ሙከራ ያስፈልጋል። ለጀነሬተርና ለመሳሰሉት በሰዓት ይቆጠራል፦ በአማካይ 100 ሰዓት ሳይበላሽ እንደሚሠራ በ90 በመቶ እርግጠኝነት ለመናገር 230 ሰዓት ያለ ብልሽት መሥራት አለበት። በጀታችሁ ለአምስት ሙከራ ብቻ ከሆነ አምስት ጊዜ ሞክሩ፤ ግን ሪፖርቱ ላይ «አስተማማኝነቱ ተረጋግጧል» ብላችሁ አትጻፉ።

22ቱም ሙከራ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰው እጅ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ያታልላል። ሮኬቱ ደረቅ ቀን ላይ 22 ጊዜ መሥራቱ ስለ ነሐሴ የሚናገረው ነገር የለም።

ጦርነት ላይ ሆነን ለሙከራ ጊዜ ከየት ይመጣል?

ይህ ከሁሉም ከባዱ ክርክር ነው፣ የሚከራከሩትም ሞኞች አይደሉም። ወታደሩ ዛሬ ባዶ እጁን ነው፤ ግማሽ ጥሩ የሆነ ዕቃ ከምንም ይሻላል። አንዳንዴም እውነት ነው። ግን የአሜሪካ ባህር ኃይል ማርክ 14 የሚባለውን የሰርጓጅ መርከብ ቶርፒዶ ታሪክ ስሙ። በሰላሙ ዘመን አንዱ ወደ 10,000 ዶላር ይፈጅ ስለነበር እውነተኛ ፈንጂ ጭኖ መተኮስ ብክነት ተባለ። በ1941 ጦርነቱ መጣ። አዛዦቹ ዒላማቸውን አስተካክለው ይተኩሳሉ፣ ቶርፒዶው በመርከቡ ሥር ያልፋል፣ ወይም ይመታና ዝም ይላል። የጦር መሣሪያ ቢሮው «ተኳሾቹ ናቸው ጥፋተኛ» አለ።

በሰኔ 1942 ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ አልባኒ በምትባል ወደብ፣ የሰርጓጅ መርከቦቹ አዛዥ አድሚራል ሎክውድ ያደረገው ነገር ያስቃል፦ የዓሣ ማጥመጃ መረብ ገዝቶ ባህሩ ውስጥ ዘረጋና ቶርፒዶዎቹን በመረቡ ውስጥ አስተኮሰ። ቀዳዳውን ለኩት። ከተስተካከለለት ጥልቀት በአማካይ ከሦስት ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ከዚያም የመግነጢስ ማፈንጃው ብልሽት ተገለጠ፤ ከዚያም በ1943 በሐዋይ ሲፈተን፣ ዒላማውን ቀጥ ብሎ ሲመታ መርፌው ይጣመምና እንደማይፈነዳ ታወቀ። በደንብ ያነጣጠረው ተኳሽ ተቀጣ፣ አጓጉል የመታው ተሳካለት። ሦስቱ ብልሽቶች እስኪጸዱ ጦርነቱ ከተጀመረ ወደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ይኸው ነው።

ስለዚህ ጥድፊያ ሲኖር ሙከራውን አሳጥሩት፣ አትሰርዙት። አንድ መረብና አንድ ሳምንት ከባዶ ይሻላል። ዕቃው ሳይሞላ ከወጣም የሚታወቀውን ጉድለት ለወታደሩ ንገሩት፤ «ማንገቻው ይበጠሳል፣ ትርፍ ገመድ ያዝ» የሚል አንድ መስመር ሰው ያድናል።

ሌላ አገር የሚጠቀምበት፣ ተፈትኖ ያለቀ ዕቃ ከገዛንስ?

የእነሱ ሙከራ ስለ እነሱ ወታደር፣ ስለ እነሱ ከፍታ፣ ስለ እነሱ ነዳጅ ነው። ሙሉውን መድገም አያስፈልግም። የሚለየውን ብቻ ሞክሩ፦ ከፍታ፣ የነዳጅ ጥራት፣ የመንገድ ንዝረት፣ የእጅና የእግር ልክ፣ ቋንቋ። ጫማ በእግር ቅርጽ ሊወድቅ ይችላል፤ እግር ስፋቱ ከአገር አገር ይለያያል።

ድሮንና ሬዲዮ ሶፍትዌር አላቸው፤ አንዴ ከተሞከሩ አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም። ዕቃው ላይ አዲስ ሶፍትዌር የተጫነ ዕለት ትናንት የተፈተነው ዕቃ የለም፤ ሌላ ዕቃ ነው። የዩክሬን ጦርነት ይህንን አጉልቶ አሳይቷል፦ የዛሬ ወር ይሠራ የነበረ ድሮን ጠላት ሞገዱን ማፈን ሲጀምር መሬት ላይ ይቀራል፣ ሶፍትዌሩ ይቀየራል፣ እንደገና ይበራል። እንዲህ ላለ ዕቃ ሙከራ አንድ ቀን የሚፈረም ሰነድ ሊሆን አይችልም፤ በየለውጡ የሚደገሙ አጫጭር ፈተናዎች ተዘጋጅተው መቀመጥ አለባቸው፣ ከነሱም አንዱ ሁልጊዜ ሞገድ እየታፈነ የሚደረግ።

ድሮንን በተመለከተ አንድ የቆየ ትምህርትም አለ። በ1980ዎቹ አኩዊላ የምትባል ትንሽ ሰው አልባ አውሮፕላን ለአሜሪካ ምድር ጦር ስትሠራ፣ መጀመሪያ ዒላማ አይታ ለመድፈኛ እንድትነግር ነበር የታሰበችው። ከዚያ አፈናን የሚቋቋም መገናኛ ተጨመረባት፣ የሌሊት ማያ ተጨመረ፣ ሌላም ሌላም። በሙከራ ከ105 በረራ የተሳካላት ሰባቱ ብቻ ነው። አህያዋ ትንሽ ሆና ጭነቱ እየተቆለለ ሄደ። በእኔ ግምት እያንዳንዱ ጭነት ሲጨመር አንድ አጭር የግዳጅ ሙከራ ቢደረግ ኖሮ ሦስተኛው ላይ ትቆም ነበር።

ሙከራው ላይ የወደቀ ዕቃ ይሰረዛል ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ይታረማል፣ ይደገማል። መውደቅ የሙከራው ውጤት እንጂ የሙከራው ክሽፈት አይደለም። መሰረዝ ሲመጣ ግን ቶሎ መምጣቱ ጥሩ ነው፦ ሰርጀንት ዮርክ የተባለውን የአሜሪካ ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ የመከላከያ ሚኒስትሩ ካስፐር ዋይንበርገር በነሐሴ 1985 የሰረዙት ከግዳጅ ሙከራው ውጤት በኋላ ነው። እስከዚያ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። ታቅዶ የነበረው 618 ነው፣ የተመረተው ወደ 50። ከቀሪዎቹ ከ560 በላይ የሚሆኑት አለመመረታቸውም ከትርፍ ይቆጠር።

የሚያስቸግረው «በመጠኑ የወደቀ» ዕቃ ነው። ኃላፊው «ማሻሻያው በምርት ሂደት ይገባል» ይላል፣ ፊርማው ይፈረማል። ይህን ስትሰሙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ አሁን የወጣውን ማን መልሶ ያርመዋል፣ በማን ወጪ?

ዕቃዬ ውሉን በሙሉ አሟልቶ በግዳጅ ሙከራ ቢወድቅ ተጠያቂው ማን ነው?

ብዙ ጊዜ ውሉን የጻፈው ነው። እኔ የፈረምኩበት ካፖርት ውል «ጨርቁ ውሃ የማያስገባ» ይላል። በወረቀት እኛ ትክክል ነበርን፣ አስር አለቃው ረጥበዋል። ገዢው ሊከሰን አይችልም ነበር፣ እኛም ልናፍር አይገባንም ነበር፤ ግን አፈርን። ስለዚህ ጨረታ የምታወጡ ሰዎች የጨርቁን ውፍረት ብቻ ሳይሆን ሥራውን ጻፉ፦ «ጠመንጃ ያነገተ ጥበቃ በክረምት ስድስት ሰዓት ቆሞ ትከሻውና ክንዱ ደረቅ ሆኖ ይቆይ»። ጨረታ የምትገቡ ደግሞ ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌለ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከመስመር የወጡት የመጀመሪያዎቹ 30 ዕቃዎች በተጠቃሚው ተፈትነው ሪፖርት እስኪመጣ ሙሉው ምርት እንዳይጀመር፣ የሙከራውም ወጪ በማን እንደሆነ ውሉ ውስጥ አስገቡ። ለሁለቱም ወገን ርካሹ ሰዓት ያ ነው።

ካፖርቶቹን በመጨረሻ መልሰን ሠራናቸው፣ ግማሽ ወጪውን እኛ ቻልን። ትከሻው ላይ ድርብ ጨርቅ ደረብን፣ እጅጌው ጫፍ ላይ ላስቲክ አስገባን። ዚፑን ምን እናድርገው ብለን ስንጨነቅ አስር አለቃው የራሳቸውን ካፖርት ገልጠው አሳዩን፤ መሳቢያዋ ላይ ቁራጭ የጫማ ማሰሪያ ቋጥረውባታል፣ በጓንትም ይጎተታል። ከሰኞ ገበያ 100 ማሰሪያ ገዛንና እያንዳንዱን ለአራት ቆረጥነው።